ሶስት ናይት ሰርተን አራት ቀን ይተርፈናል፣ የት እንሂድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ነርሶች ነን፣ ቤታችን ቨርጂኒያ ነው፣ ትራቭል ነርስ ሆነን ለ13 ሳምንት ፊኒክስ፣ አሪዞና መጥተናል። ጃንዋሪ ላይ ነው የጀመርነው፣ ሁለታችንም ናይት ነን፣ በሳምንት ሶስት ሶስት ሽፍት። እዚህ ዘመድ የለን፣ ሰርግ የለብን፣ ለቅሶ የለብን፣ እውነቱን ለመናገር ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሁለታችን ብቻ የሆንበት ጊዜ ኖሮን አያውቅምና እረፍታችንን በመኪና እየዞርን አገሩን ማየት ጀምረናል፣ ደስም ብሎናል። ችግሩ ባለቤቴ ጠዋት ከስራ እንደወጣን በቀጥታ ከሆስፒታሉ ፓርኪንግ ካልተነሳን ይላል። «ቀን አናባክን፣ እኔ እነዳለሁ አንቺ ተኚ» ነው የሚለኝ። ባለፈው ሴዶና ስንሄድ መስመር ሲስት በአይኔ አይቻለሁ፣ እሱ ግን አልሳትኩም ብሎ ድርቅ አለ። ዝርዝሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም፣ ግራንድ ካንየን፣ ሞኑመንት ቫሊ፣ ቬጋስ፣ ሳንዲያጎ፣ ሁሉንም ኮንትራቱ ሳያልቅ። እናቱ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው በስልክ «ገንዘብ ልትይዙ ሄዳችሁ ቤንዚን ታቃጥላላችሁ» ይሉናል። አብይ ጾምም እየደረሰ ነው፣ መንገድ ላይ ምን እንደምንበላ አላውቅም። ምን ትሉናላችሁ?
ነርሷ፣ ከፊኒክስ

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ቦታዎቹ ብዙ የምለው አለኝ፣ ግን መጀመሪያ ያ መስመር የሳተው መኪና።

ባልሽ ይሄን ካንቺ ጋር ቁጭ ብሎ ያንብበው። ናይት ለመግባት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነሳችሁ እንበል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሪፖርት ሰጥታችሁ ስትወጡ አስራ ስድስት ሰዓት ተኩል ነቅታችኋል ማለት ነው፣ ከዛ ግራንድ ካንየን ሳውዝ ሪም (ደቡባዊው ጠርዝ) ድረስ ሶስት ሰዓት ተኩል ያህል መንዳት አለ፣ ስትደርሱ 20 ሰዓት ሆነ። ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ተቋም፣ የሚለውን እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም፣ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው አነዳዱ ደሙ ውስጥ 0.05 ፐርሰንት አልኮል እንዳለበት ሰው ነው፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ 0.10። አሪዞና ውስጥ 0.08 የተገኘበት ሹፌር ይታሰራል። ስራ ላይ ማደንዘዣ የወሰደ በሽተኛ «ደህና ነኝ፣ ራሴ ነድቼ ልሂድ» ቢላችሁ ሰው መጥቶ ካልወሰደው በቀር አትለቁትም አይደል? እሱ አልሳትኩም ሲልሽ ደግሞ እየዋሸሽ አይደለም፣ ሰው ሲነዳ ለሁለት ለሶስት ሰኮንድ ሸለብ ሲያደርገው ራሱ አያውቀውም፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው፣ በ75 ማይል ፍጥነት ሶስት ሰኮንድ ማለት መቶ ሜትር ነው። «አንቺ ተኚ» ማለቱ ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል፣ ግን አጠገቡ የሚያወራው ሰው ሲተኛ የሱ እንቅልፍ ይብሳል።

ስለዚህ ከናይት የወጣችሁበት ቀን የመንገድ ቀን አይሁን፣ በቃ። ቤት ግቡ፣ አራት አምስት ሰዓት ተኙ፣ ከሰዓት ተነስታችሁ ልብስ እጠቡ፣ ስንቅ ስሩ፣ መኪናውን አዩ፣ ማታ እንደ ሰው በጊዜ ተኙና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውጡ። አንድ ቀን ጠፋ ይልሻል። አልጠፋም፣ ስንቁም የሚሰራው በሱ ቀን ነው፣ እናንተም የምትነጋገሩት በሱ ቀን ነው። ስትመለሱም እንደዛው፣ ወደ ስራ ከምትገቡበት ማታ በፊት ያለችው ሌሊት የቤታችሁ አልጋ ላይ ትሁን።

ቀን የሚገኘው ከእንቅልፍ ተሰርቆ ሳይሆን ከስኬጁል ነው። ሴልፍ ስኬጁሊንግ (ሽፍት ራሳችሁ የምትመርጡበት) ካላችሁ ሽፍታችሁን አጠጋግታችሁ ጠይቁ። አንዱን ሳምንት እሁድ ሰኞ ማክሰኞ፣ ቀጣዩን ሐሙስ አርብ ቅዳሜ ብትሰሩ መሃል ላይ ከረቡዕ እስከ ረቡዕ ስምንት ቀን ታገኛላችሁ፣ የመጀመሪያው ለእንቅልፍ ቢሄድ እንኳ ሰባት ነው፣ የዓመት ፈቃድ ሳትነኩ። ብቻ ከዛ የሚቀጥለውን ሳምንት ደግሞ ከእሁድ እንዳትጀምሩ፣ ስድስት ናይት ሳይቋረጥ ይሆንባችሁና መንገዱን ስታስቡት ያማችኋል። ለወደፊቱ ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት «ሁለታችንም አንድ ቀን ነው የምናርፈው» የሚለው ነገር በጽሁፍ ይግባ። ሪክሩተሩ በስልክ «ችግር የለም» ያለው ዩኒት ማናጀሯ ጋ ሲደርስ ችግር ይሆናል፣ የተፈረመበት ግን ይያዛል። አብረው እየሰሩ እረፍታቸው ሳይገጥም ቀርቶ 13 ሳምንት በፍሪጅ ላይ ማስታወሻ የተገናኙ ባልና ሚስቶች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቦታው። የአሪዞና ጥሩነት ለኛ አገር ሰው ቶሎ ይገባል፣ ቆላና ደጋ ነው። ፊኒክስ ከባህር ጠለል በላይ 330 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ናት፣ በኢንተርስቴት 17 ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ትንሽ ፈቅ የሚል ስትነዱ ፍላግስታፍ ትደርሳላችሁ፣ እሷ 2,100 ሜትር ላይ ናት። ፊኒክስን በቲሸርት ለቃችሁ እዛ በረዶ ይቀበላችኋል። ከፍታው ለአዲስ አበባ ልጅ ምንም አይደለም፣ አስፋልቱ ላይ የጋገረው በረዶ ግን ሌላ ነው፣ ቨርጂኒያ የለመዳችሁትም አይመስለኝም፣ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዩ፣ ከባድ ጃኬት መኪናው ውስጥ ሁሌ ይኑር።

ግራንድ ካንየንን ከፌብሩዋሪ መጨረሻ በፊት እዩት፣ ይሄን በጣም አደራ እላለሁ። ምክንያቱም ሄርሚት ሮድ የሚባለው ጠርዝ ጠርዙን የሚሄደው መንገድ ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ለግል መኪና ዝግ ነው፣ በሻትል ብቻ ነው የሚኬደው፣ ዲሴምበር ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ግን በራሳችሁ መኪና እየነዳችሁ ደስ ባላችሁ ቦታ መቆም ትችላላችሁ። ሰውም የለም። ኮንትራታችሁ የወደቀበት ወር እድል ነው። ኖርዝ ሪም የሚባለው ማዶ በክረምት ዝግ ስለሆነ አትልፉ። ሳውዝ ሪም አንድ ሌሊት እደሩ፣ ውስጥ ካልተገኘ ከበሩ ወጣ ብላ ቱሳያን አለች፣ ረከስ እንዲል ከፈለጋችሁ ዊልያምስ ወይም ፍላግስታፍ። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ጊዜ፣ ስትወጣ አንድ ጊዜ እዩት፣ ገደሉ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፣ ርዝመቱ 446 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀትር ላይ ግን ብርሃኑ ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደርገውና «ይሄው ነው እንዴ» ብሎ የሚመለስ ብዙ ሰው አለ። በዴዘርት ቪው መንገድ ወደ ምስራቅ ሂዱና በ1932 የተሰራውን የድንጋይ ማማ እዩት፣ ኮሎራዶ ወንዝ ከዛ በደንብ ይታያል። ወደ ታች በእግር መውረድ ባልሽ ካሰበ ደግሞ፣ ክረምት ላይ የላይኛው መንገድ በረዶ ስለሚይዝ ጫማ ስር የሚታሰረው የብረት ጥርስ ያስፈልጋል፣ የወረዳችሁበትን ጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ ለመውጫ አስቡ፣ ወንዙ ድረስ ወርዶ በዛው ቀን መመለስ ራሱ ፓርኩ አትሞክሩ የሚለው ነገር ነው።

ሞኑመንት ቫሊ አምስት ሰዓት ይልቃል፣ እሱን ስምንት ቀን ስታገኙ ፔጅ ከምትባለው ከተማ ጋር አገናኙት። የናቫሆ ህዝብ መሬት ነው፣ የራሳቸው ፓርክ ስለሆነ የፌደራሉ ማለፊያ አይሰራም፣ ፔጅ አጠገብ ያለው አንቴሎፕ ካንየንም ያለ ናቫሆ አስጎብኚ አይገባም፣ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። መጠጥ እዛ መሬት ላይ በህግ ክልክል ነው፣ መኪና ውስጥ ቢሆንም። ሰዓት ላይም ጠንቀቅ በሉ፣ አሪዞና ሰዓት አይቀይርም፣ ናቫሆ ግን ይቀይራል፣ ስለዚህ ከማርች ሁለተኛ እሁድ በኋላ ስልካችሁ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ እያለ ቀጠሮ ያሳልፍባችኋል።

ቬጋስና ሳንዲያጎ? እኔ ብሆን እሰርዛቸዋለሁ። ሁለቱም ከቨርጂኒያ በአውሮፕላን በፈለጋችሁ ጊዜ የምትደርሱባቸው ከተሞች ናቸው። በረሃውን ግን ፊኒክስ እያላችሁ ካላያችሁት ተመልሳችሁ አትመጡለትም። ባልሽ ቬጋስ ካላየሁ ካለ እሺ፣ መንገድ ላይ ሁቨር ግድብን እዩ፣ ከተማው ውስጥም ሀበሻ ብዙ ነው፣ ክላርክ ካውንቲ በ2023 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰፈር ሰይሟል፣ ምሳችሁን እዛ ብሉ። በሱ ፋንታ ግን ቅርብ ያሉትን አትናቁ። ቱሳን አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ነው፣ ሳዋሮ ናሽናል ፓርክ ከከተማው በሁለት በኩል አለ። ሳዋሮ ማለት ያ ክንድ ያለው ትልቁ ቁልቋል ነው፣ በሶኖራ በረሃ ብቻ ነው የሚበቅለው፣ የመጀመሪያ ክንዱን ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፣ ስር ቆማችሁ ስታስቡት አንዳንዱ ከአያቶቻችን የሚበልጥ ነው። ሞንቴዙማ ካስል የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፣ ሲናጉዋ የሚባሉ የጥንት የአገሬው ሰዎች ገደል ላይ የሰሩት ባለ አምስት ደርብ ቤት፣ የግማሽ ቀን ጉዞ ስለሆነ ለደከማችሁበት ሳምንት ይሆናል። ፔትሪፋይድ ፎረስት ደግሞ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው እንጨት ድንጋይ ሆኖ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ፣ ቁራጭ እንኳ አንስቶ መውሰድ ወንጀል ነው፣ በሩ ማታ ስለሚዘጋ በጊዜ ድረሱ።

የመኪና ነገር፦ ሰሜን ስትወጡ ኔትዎርክ ይጠፋል፣ ካርታውን ስልካችሁ ላይ ዳውንሎድ አድርጉ፣ ቤንዚን ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፣ ውሃ በጋሎን ያዙ። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ፍላግስታፍና ካንየኑ መሃል አትንዱ፣ ኤልክ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ፈረስ የሚያህል የአጋዘን ዘር ነው።

ወደ እናቱ ልምጣ። እሳቸውን ዝም ለማሰኘት አትሞክሩ፣ አንድ እውነት አላቸው። ለቤትና ለምግብ ተብሎ ያለ ታክስ የሚሰጣችሁ ስታይፔንድ ትርፍ ገንዘብ ሊመስል ይችላል፣ ግን ለፊኒክሱ ኪራይና ለምግባችሁ ነው፣ ቨርጂኒያ ያለው ቤታችሁም እየተከፈለበት ነው። ኮንትራቱ ሲጀምር ለመንገድ ይሄን ያህል ብላችሁ ለብቻ አስቀምጡና ከሱ አትለፉ። ከሁሉም በፊት አሜሪካ ዘ ቢዩቲፉል የሚባለውን የዓመት ማለፊያ ግዙ፣ 80 ዶላር ነው፣ አንድ መኪና ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያስገባል። ግራንድ ካንየን ብቻውን ለአንድ መኪና 35 ነው፣ ሳዋሮ 25፣ ፔትሪፋይድ ፎረስት 25፣ ሶስቱ ላይ ብቻ 85 ሆነ፣ ሞንቴዙማ ካስልም በሱ ይገባል፣ ሴዶና ብዙው ፓርኪንግ ላይም ይሰራል፣ ቨርጂኒያ ስትመለሱ ደግሞ ሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ አለ። ከ2026 ጀምሮ የነዋሪና የውጭ ጎብኚ ዋጋ ስለተለያየ የመንጃ ፈቃዳችሁን አሳዩ። ሞቴል ማክሰኞና ረቡዕ ከቅዳሜ ይረክሳል፣ የነርስ ዊኬንድ ማክሰኞ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ብቻ ሁሉንም እረፍታችሁን የስራ ቀን ላይ አታድርጉት፣ ፊኒክስም ቤተክርስቲያናችን አለ፣ አንዳንዱን እሁድ አስቀሩና ቅዳሴ ሂዱ፣ ዘመድ የለንም ያልሽው እዛ ይቀንሳል። ለእናቱም ከካንየኑ ጠርዝ ቪዲዮ ደውሉላቸው፣ በቀጥታ ይዩት።

ጾሙ አያስጨንቅሽ። አባቶቻችን ስንቅ የሚሉት አብዛኛው የጾም ነው፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ድርቆሹን ለብቻ፣ ቁሌቱን በዘይት ሰርተሽ በጠርሙስ ለብቻ ያዢ፣ ሞቴል ማይክሮዌቭ ላይ አሙቀሽ ስታፈሺበት ፍርፍር ነው። በሶን በውሃና በማር ወይም በዘይትና በበርበሬ፣ ጭኮ ግን ቅቤ ስላለው ለፋሲካ ይቆይ። ኩለር ውስጥ ምስርና ጎመን ሁለት ቀን ይቆያል። ውጪ መብላት ከመጣ አሪዞና ሜክሲኮ ምግብ የሌለበት ከተማ የለም፣ ሩዝና ባቄላ ታገኛላችሁ፣ ግን የተፈጨው ባቄላ ብዙ ቦታ በአሳማ ስብ ነው የሚሰራውና «ማንቴካ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ያልተፈጨውንም እንደዛው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በየሶስት ወሩ ስራው ይቀያየራል፣ አብሬው እዞራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ወጣ እንላለን። ቡና ሳላፈላ ቀኑ ቀን አይመስለኝም። ሆቴል ውስጥ መቁላት ይቻላል?
ቡና ወዳጅ፣ ከዴንቨር

መልስ፦ መቁላቱን ተይው እህት ዓለም። ጢስ መለኪያው ይጮሃል፣ ሰው በሌሊት ይወጣል፣ ሆቴሉም ሲጋራ አጨሳችሁ ብሎ በመቶ የሚቆጠር ዶላር ከካርዳችሁ ሊወስድ ይችላል። ቤት ቆልተሽ ወቅጠሽ በቆርቆሮ ያዢ፣ ጀበናውን በፎጣ ጠቅልይ፣ ትንሿን የጋዝ ምድጃ ደግሞ ውጪ፣ ሽርሽር ጠረጴዛ ያለበት ቦታ ላይ አቀጣጥይ። ኮሎራዶ በድርቅ ጊዜ እሳት ስለሚከለከል በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቢ፣ አንዳንዴ ጋዝ ይፈቀዳል፣ አንዳንዴ እሱም አይፈቀድም። ተራራው ላይ ስትወጡ ውሃው ቶሎ ይፈላል ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ቆየት አድርጊው።

ከልቤ የምለምንሽ ግን ከሰል ነው። ለእጣን ብለሽ ከሰል ክፍል ውስጥም፣ ድንኳን ውስጥም፣ መኪና ውስጥም እንዳታስገቢ፣ መስኮት ከፍቻለሁ ብለሽም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታት፣ ማዞርና እንቅልፍ ነው የሚሰማው፣ ሰውም ደክሞኝ ነው ብሎ ይተኛል። አገር ቤት በከሰል ጢስ የሞተ ሰው ያልሰማን የለንም። እጣኑ ውጪ፣ ንፋስ ላይ ይጪስ፣ ከሰሉም ውሃ ተደፍቶበት ቀዝቅዞ ይተው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ለጊዜው ቱሳን ተመድቧል። የአሳይለም ኬዛችን ገና ፔንዲንግ ነው፣ ወርክ ፐርሚት አለን። ጓደኞቹ ድንበሩ ላይ ያለችው ኖጋሌስ እንሂድ፣ ሳንዲያጎ እንሂድ ይሉታል። መንገድ ላይ ኬላ አለ ሲባል ሰምቼ ፈርቻለሁ።
የፈራች፣ ከቱሳን

መልስ፦ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ቁም ነገር ነው። ከኖጋሌስ ወደ ቱሳን በኢንተርስቴት 19 ስትመለሱ ቱባክ አካባቢ ቦርደር ፓትሮል ኬላ አለው፣ ወደ ሳንዲያጎ በሚወስደው ኢንተርስቴት 8 ላይም አለ። መኪና እያስቆሙ ዜጋ ናችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ያልሆነ ሰው ወረቀቱን ይዞ መንቀሳቀስ በህግ ግዴታው ነው፣ ስለዚህ ወርክ ፐርሚቱ ኮፒው ሳይሆን ዋናው ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ የአሳይለሙ ሪሲትም ኮፒ፣ የጠበቃችሁ ስልክ ቁጥርም ስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ተጽፎ። ደንግጣችሁም ቢሆን «ዜጋ ነኝ» እንዳትሉ። ዝም ማለት መብታችሁ ነው፣ የሀሰት ዜግነት መናገር ግን ለዘላለም ወረቀት ሊያሳጣ የሚችል ነገር ነው።

አሁን ባለው ሁኔታ ከጠበቃችሁ ጋር ሳትነጋገሩ ወደ ድንበሩ ባትጠጉ እመርጣለሁ፣ ጓደኞቹ ሲቲዝን ከሆኑ የነሱ መንገድ የናንተ አይደለም። ወጣ ማለት ከፈለጋችሁ ማውንት ሌመን አጠገባችሁ ነው፣ ከቱሳን አንድ ሰዓት ያህል ወደ ላይ፣ ጫፉ 2,791 ሜትር ነው፣ ከቁልቋል ተነስታችሁ ጥድ ውስጥ ትገባላችሁ፣ በክረምት በረዶ አለው፣ ወደ ላይ ስትሄዱም ከድንበሩ እየራቃችሁ ነው። ሜክሲኮ ግን ለአንድ ሰዓት ለምሳ እንኳ እንዳትሻገሩ፣ ያለ አድቫንስ ፓሮል (ቀድሞ የሚወጣ የመመለሻ ፈቃድ) ከአገር መውጣት ማመልከቻውን ትቶ እንደሄደ ሊያስቆጥር ይችላል፣ መመለሱም አይታወቅም። ጠበቃችሁ ፈቅዶ አንድ ቀን ሳንዲያጎ ከሄዳችሁ ኢንተርስቴት 5 በስተደቡብ በኩል በቀጥታ ድንበሩ ውስጥ ነው የሚያስገባው፣ የመጨረሻው የአሜሪካ መውጫ የሚል ታፔላ አለ፣ ከሱ ቀድማችሁ ውጡ፣ ካለፋችሁት መዞሪያ የለም።